የዘንድሮ ነዳይ

«እማዬ፣ የዘንድሮ ነዳያችን ማን ነው? አባ ካሳው ናቸው?»

በለጠች ይህን የሰማችው ማድቤት ውስጥ የዶሮውን ድስት ከምድጃ ስታወርድ ነው። ማድቤቱና ሳሎኑ የሚለያዩት በአንዲት ስስ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ወዲያ የተነፈሰ ሁሉ ወዲህ ይሰማል። ጠያቂዋ የዘጠኝ ዓመቷ መክሊት ናት፣ የወንድሟ የተስፋነህ ልጅ። መላሿ እናቲቱ አዲስዓለም።

«ዘንድሮ ደብሩ ድረስ አንሄድም። አምና ያየነውን ግፊያ ረሳሽው? ወንድምሽ ባንተአምላክ ተረግጦ እያለቀሰ ነው የተመለስነው። ደግሞ እንግዶች አሉብን። ለእትዬ በለጠች ትሰጣላችሁ።»

ነጠላው ከፌስታሉ ሲወጣ ተንኮሻኮሸ።

«እትዬ እኮ የኛ ናት» አለች መክሊት።

«የኛ ብትሆንስ? ችግረኛ አይደለችም? ባሏ ሞቶባት፣ ቤቷ ፈርሶባት አይደል የመጣችው? ከሩቁ ነዳይ የቅርቡ ይቀድማል። በይ ነጠላውን አጥፈሽ ሶፋው ላይ አድርጊው።»

በለጠች ድስቱን በጨርቅ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሙቀቱ ጨርቁን አልፎ ጣቶቿን እየላጣት መሆኑን ታውቃለች፤ ሕመሙ ግን የሌላ ሰው እጅ ላይ ያለ ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይታ ድስቱን አኖረችው፣ ክዳኑን አነሣች፣ የተላጡትን እንቁላሎች አንድ ባንድ በቢላዋ ጫፍ ሰንጠቅ ሰንጠቅ እያደረገች ወጡ ውስጥ ጨመረቻቸው። በግድግዳው ወዲያ ማዶ ቴሌቪዥኑ ተከፈተና የገና መዝሙር መጣ። ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከሌሊቱ ቅዳሴ ከተመለሱ ወዲህ አልተኛችም፤ እግሯ ከብዷታል፤ ምናልባት የሰማሁት በእንቅልፍ ልቤ ይሆናል ብላ አሰበች። ግን እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።

በተስፋነህ ቤት የገና ሥርዓት አለ። ልጆቹ ለአንድ ችግረኛ በገዛ እጃቸው ሳይሰጡ ማንም አይፈስክም። አርባ ሦስት ቀን የጾመው ሁሉ ወጡ እየሸተተው ይጠብቃል። እያንዳንዱ ልጅ ከራሱ ነገር አንድ የሚወደውን ይመርጣል፤ እናት ደግሞ ምግብና ልብስ ትጨምርበታለች። ሥርዓቱን ወደ ቤቱ ያመጣው ተስፋነህ ነው፤ ተስፋነህም ያገኘው ከበለጠች ነው። እናታቸው ሞታ፣ እሱ ገና ጡት የጣለ ሕፃን ሆኖ፣ ከሐሙሲት አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬደው ቀበሌያቸው ስታሳድገው፣ የገና ለት የወጡን መጀመሪያ ጨልፋ ለጎረቤታቸው ለመበለቲቱ ለፈንታነሽ ትልከው ነበር። «በሁለት እጅህ ስጥ፤ እንኳን አደረሰዎ በል እንጂ እንኩ አትበል» እያለች። ፈንታነሽም ሳህኑን ባዶውን መልሳው አታውቅም፤ ሌላው ቢጠፋ አንድ እፍኝ ቆሎ ታደርግበታለች። በልጅነቱ ተስፋነህ ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ለይቶ አያውቅም ነበር። አሁን የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ቤት ሠርቷል፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርት አግብቷል። በለጠችን ባለፈው ግንቦት ሄዶ ያመጣት ራሱ ነው።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። እንግዳው መምህር ዘውዱ ይባላል፤ የአዲስዓለም የሥራ ባልደረባ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ሲሆን ባለቤቱን ይዞ ነው የመጣው። ቄጠማው ላይ ጫማቸውን ጠራርገው ገቡና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ወሬው ከብርዱ ጀመረ፤ ደብረ ብርሃን ይብሳል ወይስ ደብረ ታቦር ይብሳል ተባለ። ከዚያ ወደ ገበያው ዞረ። ባለቤቲቱ ዶሮ ስንት እንደገባ ጠየቀች፤ አዲስዓለም የቅዳሜውን ገበያ ዋጋ ነገረቻት፤ «በዚህ ዋጋ ድሮ በግ ይገዛ ነበር» አለ ዘውዱ፤ ተስፋነህም «በግማሹም ይገዛ ነበር» አለ። ሽንኩርቱም፣ ቅቤውም በየተራ ተነሣ። ቅቤው ሐሙሲት እንደሚረክስ ተስፋነህ ተናገረ፤ ማን እንዳመጣው ግን አልተናገረም። በለጠች ናት ያመጣችው፤ የባሏን ሙት ዓመት ልታወጣ ሄዳ ስትመለስ፣ በቅል አድርጋ፣ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭኗ ላይ ይዛ።

«እትዬ በለጠች፣ እስኪ ይምጡልን!» ስትል አዲስዓለም ተጣራች።

«ይምጡ» መባሉን በለጠች አስተዋለችው። የመጣች ሰሞን አዲስዓለም እርስዎ ትላት ነበር። ከሰኔ ወዲህ፣ የቤት ሠራተኛዋ ወጥታ ሌላ ሳይቀጠር ሲቀር፣ አንቺ ሆነ። ቀኑን ማንም አያውቀውም፤ እንጀራ አንሶ ይሁን ውኃ ጠፍቶ፣ በአንድ ጥድፊያ መሀል «ነይ እንጂ» ተባለችና በዚያው ቀረ። አሁን እንግዳ ፊት እርስዎ ተመልሶ መጣ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች።

የእንጨት ዱካ መሀል ላይ ተቀምጦላት ነበር። ይቀመጡ ስትባል ተቀመጠች። ሁሉም ሶፋ ላይ ስለነበሩ ከሁሉም ዝቅ ብላ ታየች። መክሊት በአንገቷ አድርጋው የማታወልቀውን ሰማያዊ የሱፍ ሻርፕ አጥፋ ይዛለች፤ የስድስት ዓመቱ ባንተአምላክ አንድ እሽግ ብስኩት በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣብቋል። አዲስዓለም ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች። «በል እንጂ፣ ያልኩህን!» አለችው። ልጁ ዓይኑን ከብስኩቱ ሳይነቅል አንድ ትንፋሽ አደረገው። «ጌታችን ለኛ ብሎ በበረት ተወለደ እኛም ለችግረኞች እንሰጣለን።» ብስኩቱን ዘረጋላት። በለጠች ተቀበለችው። መክሊት ሻርፑን ጭኗ ላይ አኖረችላት፤ ፊቷ ቀልቶ ነበር። አዲስዓለም በስተኋላ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ነጠላ ደረበችላትና እንደገና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

«ግሩም ነው!» አለ ዘውዱ። «ልጅ እንዲህ ነው የሚያድግ። እኛ አገር ይህ ቀርቷል።»

«ይመርቁን እንግዲህ» አለች አዲስዓለም።

በለጠች በዓመት በዓል ሁሉ ልጆቹን ትመርቃለች። ጉልበቷን ይስሟታል፣ እሷም እጇን አናታቸው ላይ ጭና የምትለውን ትላለች። ዛሬም ከአፏ የወጣው ያው የለመደችው ነበር። «እደጉ፤ እደጉ። ሰጪ እጅ ይስጣችሁ። እጃችሁ ከላይ ይሁን እንጂ ከታች አይሁን።» ቃሉ ካመለጣት በኋላ ለራሷ ተሰማት። የገዛ እጇን አየችው። ጭኗ ላይ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ብስኩት ይዟል። ቀና ብላ ወንድሟን ፈለገችው። ተስፋነህ አጎንብሶ ከሶፋው ሥር የቴሌቪዥኑን ሪሞት እየፈለገ ነበር። ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

አሜን ተባለና ማዕዱ ቀረበ። በለጠች አስታጠበች፣ ወጡን አወጣች፣ እንቁላሉን አደለች፣ አይቡን አዞረች። «ኧረ እርስዎም ይቀመጡ፣ ይፈስኩ እንጂ» አለቻት የዘውዱ ባለቤት። እመለሳለሁ አለች። ማድቤት ገብታ ነጠላውን አወለቀችና ሶፍት እንደሚታጠፍ በጥንቃቄ አጥፋ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ከዚያ የራሷን ድርሻ፣ አንድ እግርና አንድ እንቁላል፣ በሳህን አወጣች፤ እንጀራ ጠቅልላ በላዩ አደረገችና በሌላ ሳህን ከድና በፎጣ ቋጠረችው። ለምን እንደምትቋጥረው እጇ ያውቃል እንጂ እሷ አላሰበችበትም። አሮጌ ነጠላዋን ደርባ፣ ሻርፑን ክንዷ ላይ ጥላ በጓሮ በር ስትወጣ መክሊት ከኋላዋ ደረሰች።

«አባ ካሳው ጋ ነው?»

«እናትሽን አስፈቅጂ።»

«አባዬን አስፈቅጄዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም አላለም። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።»

ወደ አስፋልቱ ወጡ። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ ባጃጆቹ ባንዲራና የወረቀት አበባ ለጥፈው ሰው ፍለጋ ይንቀራፈፋሉ። አንድ ጋሪ ላይ ገና ደም ያልደረቀ የበግ ቆዳ ተከምሮ፣ ባለጋሪው በየአጥሩ «ቆዳ ያለው! ቆዳ!» እያለ ያልፋል። ፀሐይ ብትወጣም ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ሜዳው ላይ ጎልማሶች በዱላ ጥንግ እየመቱ የገና ጨዋታ ይጫወታሉ። አለሙ የሚባል የከተማው ሹም ሱፉን እንደለበሰ ገብቶ ኖሮ፣ ጥንጓ ቅልጥሙን መትታው በአንድ እግሩ ይዘላል። ጮማ የጠገበ ሕዝብ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» እያለ ያውካካል። ሹሙም እየሣቀ ቅልጥሙን ያሻል፤ ሣቁ ግን ከአፉ አላለፈም። በለጠች ቆማ አየችው። እሷም እንዳልተቆጣች ትዝ አላት። ከጠዋት ጀምሮ ቁጣውን ብትጠብቀው አልመጣም። ልቅሶም አልመጣም። ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ሆኖባታል፤ የራሷ መሆኑን ታውቃለች፣ ስትነካው ግን አይሰማትም።

«እትዬ፣ አንቺ ችግረኛ ነሽ?» አለች መክሊት።

«ጠዋት ነው የሰማሁት።»

መክሊት ፈጠን ብላ ጎኗ ደረሰች። «እማዬ ተሳስታ ነው?»

«እናትሽ ክፉ አይደለችም። ዳር ያዢ፣ ባጃጅ መጣ።»

አባ ካሳው ከደብሩ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዓመት ነው። ግፊያው አልፎ፣ ሌሎቹ ነዳያን የደረሳቸውን ይዘው ተበትነዋል፤ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። አጠገባቸው ሰው የሰጣቸው እንጀራ በፌስታል፣ ግማሽ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኮቴዋን ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«እመት በለጠች ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባ። እንኳን አደረሰዎ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ልጆቹስ? ከቅዳሴ ወዲህ እጠብቃለሁ። ታመው ይሆን ብዬ ልቤ ሲመታ ነው የዋለው።»

«እኔ አለሁ፣ አባ ካሳው» አለች መክሊት። «ባንተአምላክም ደኅና ነው።»

«ተመስገን! ተመስገን! እነሱ ሳይመጡ አልፈስክም ብዬ እኮ ነው እንዲሁ የተቀመጥኩ። በየዓመቱ የእናንተን ነው መጀመሪያ የምቀምስ።»

ምግቡ ሳይነካ እንደተቀመጠ በለጠች አየች። መክሊትም አየችው። በለጠች መሬት ላይ፣ ሽማግሌው እግር አጠገብ ተቀመጠችና ቋጠሮውን ፈታች። እጃቸውን ከኮዳቸው ውኃ አስታጠበቻቸው።

«አንቺስ ፈስከሻል?» አሏት።

«ገና ነኝ።»

«እንዴት? እስካሁን? እንግዲያ አብረን ነዋ!»

አባታችን ሆይ ደግመው፣ ባርከው ቆረሱ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለበለጠች ዘረጉላት፤ አፏን ለማግኘት እጃቸው አየር ላይ ሲፈልግ ራሷ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ሁለተኛውን ለመክሊት አጎረሷት። ከዚያ ራሳቸው ቀመሱ፤ አላመጡ፤ ቆም አሉ።

«እመት በለጠች፣ እንዳትቀየሚኝ። ጨው ረስተሻል።»

በለጠች ጉርሻውን አፏ ውስጥ አገላበጠችው። እውነት ነው። ጨው የሚባል አልነካውም። ከዋዜማው ጀምሮ ስትሠራው የቆየችው ወጥ፣ ጨው ሳይገባበት ለእንግዳ ቀርቧል። ቤት ሙሉ ሰው ሲበላው አይታለች፤ አንድም ሰው አልተናገረም። ዘውዱ «እጅ ያስቆረጥማል» እንዳለ ሰምታለች።

«ረሳሁት፣ አባ» አለች።

«የሚረሳ ነገር ነው። ቅቤው ግን ጥሩ ነው። የሐሙሲት ነው?»

«አዎ።»

«አወቅሁት» አሉና እየሣቁ መብላታቸውን ቀጠሉ። በለጠችም በላች። ሲያልቅ ሻርፑን ለመክሊት ሰጠቻትና «በእጅሽ አድርጊላቸው» አለቻት። ልጅቷ ሽማግሌው ፊት ተንበርክካ አንገታቸው ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችው። በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ጨርቁን ፈትተው ድፎውን ከሁለት ገመሱና «ይህችን ለወንድምሽ። ሳትሸራርፊ አድርሺ» ብለው ትልቁን ገማሽ ሰጧት። መክሊት በለጠችን አየቻት። «ተቀበያቸው» አለች በለጠች። «በሁለት እጅሽ።»

ሲመለሱ እንግዶቹ ሄደዋል። አዲስዓለም የሶፋውን ልብስ እያራገፈች ነበር። «የት ጠፍተሽ ነው? ዕቃው ተከምሮ!» አለች፤ እርስዎ ከእንግዶቹ ጋር ወጥቷል። መክሊት ዳቦውን ለባንተአምላክ ልትሰጠው ስትል እናቷ ከመሀል ተቀበለቻት።

«ከየት የመጣ ነው ይሄ?»

«አባ ካሳው ላኩለት።»

«ማን የነካካው እንደሆነ ይታወቃል?» ፍሪጁ ላይ አኖረችው።

«እማዬ፣ አባ ካሳው ሳይበሉ ነው የጠበቁን። ሰው የሰጣቸው ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እኛ ሳንመጣ አልፈስክም ብለው እስካሁን።»

አዲስዓለም የሶፋውን ልብስ እንደያዘች ቆመች። «ማን ጠብቁ አላቸው?» አለች በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን የጥያቄ እንጂ የቁጣ አልነበረም። ትንሽ ቆይታ ዳቦውን ከፍሪጁ ላይ አንሥታ ቆረሰችና ለልጁ ሰጠችው። እሷም ቁራሽ አፏ ውስጥ አደረገች። ወደ በለጠች ግን አልዞረችም፤ በለጠችም አልጠበቀቻትም። ከሰዓት በኋላውም እንዲሁ አለፈ። ተስፋነህ ጋደም አለ፤ ልጆቹ ጎረቤት ሄዱ፤ ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ሲዘፍን ዋለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በለጠች በግቢው ቧንቧ ሥር ሳህኖቹን ስታጥብ ተስፋነህ ከቤት ወጣ። ወደ አጥሩ ሄደ፣ የጽዱን ቅጠል ነጨ፣ ተመለሰ። አጠገቧ ሲደርስ ቆመ።

«ነጠላውን አወለቅሽው።»

«ወጥ እንዳይነካው ብዬ ነው።»

«ጥለቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አረንጓዴ ትወጃለሽ ብዬ።»

በለጠች የያዘችውን ሳህን በአመድ ማሸቷን አላቆመችም። «ታዲያ አንተ አትሰጠኝም ነበር?»

ተስፋነህ ቅጠሉን በጣቶቹ መሀል አሽቶ አሽቶ ጣለው። ውኃው ይወርዳል። በጎረቤት ግቢ ሴቶች ተሰብስበው ይሥቃሉ።

«ለልጆቹ ትምህርት እንዲሆን ብላ ነው እንጂ አዲስዓለም ክፋት የላትም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም ነገሩን ሳልሰማ… ጠዋት ላይ ነው የነገረችኝ። እንግዳ መጣ።»

«እሺ።»

ከዚያ በለጠች፣ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ያላሰበችውን ነገር ተናገረች። «ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ሊወቃ ነው። ፈንታሁን ብቻውን አይችለውም። ልሄድ አስቤያለሁ።»

ፈንታሁን መሬቷን በእኩል የሚያርስላት ሰው ነው፤ አራት ጎረምሶች ልጆች አሉት፤ ይህን ተስፋነህ በደንብ ያውቃል። በለጠች እጇን ውኃው ውስጥ እንዳደረገች ጠበቀች። ተይ ሊላት ይችላል። የት ትገቢያለሽ ሊላት ይችላል። ከጥምቀት በኋላ ቢሆንስ ቢላት እንኳ ይበቃት ነበር። ተስፋነህ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እያየ ብዙ ቆየ።

«የባሕር ዳሩ ሚኒባስ በጠዋት ነው የሚሞላ» አለ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ካደረስኩሽ፣ ሐሙሲት ያወርድሻል።»

«እሺ» አለች በለጠች።

ጥቂት ቆሞ ገባ። ትከሻው ውስጥ፣ ልጅ ሳለ እሷ ተቆጥታው ሲሄድ እንደሚያደርገው፣ አንገቱን ቀብሮ ነበር። በለጠች የቀሩትን ሳህኖች አለቀለቀች። መክሊት መወልወያ ጨርቅ ይዛ መጣችና ሳትጠየቅ ከጎኗ ቁጢጥ አለች። ከታጠቡት አንዱን አንሥታ ትወለውል ጀመር። አባቷ ሲናገር በመስኮት ሳትሰማ አልቀረችም።

«እትዬ።»

«ወይ።»

«ቤትሽ ፈርሷል አይደል? የት ታድሪያለሽ?»

በለጠች ቧንቧውን ዘጋች። ግቢው ጭር አለ። ልጅቷን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ማድቤቷ አልፈረሰችም» አለች ድምፅዋ ሲሻክር። «ሁለት ሰው ታስተኛለች።»

መክሊት ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ሳህኑን ወለወለች፤ የተወለወለውን ሳታስቀምጥ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«አጥብቀሽ ያዢው» አለቻት በለጠች። «ያዳልጣል።»